የሦስተኛው ዝላይ ማረፊያ

አሚርን መጀመሪያ ያየችው መቅደላ ናት። ከሦስተኛው ዝላይ በታች ብስክሌቱ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል ወድቀው ነበር። የራስ ቁሩ ላይ ጭረት እንኳ የለም፤ ጓንቱም ከእጁ አልወለቀም። አንገቱ ግን ወደማይዞርበት ዞሯል። ልጁ ከአየር ወርዶ ጎማውን ሊያሳርፍበት የነበረውን አፈር አንድ ትኩስ ቦይ ከዳር እስከ ዳር ቆርጦታል። መቅደላ ጮኸች። ጩኸቷን መርሳ ገበያ ድረስ ሰማን ያሉ ብዙ ናቸው። ሰው ሲሞት ሁሉም ሰሚ ነው፤ ጆሮው የሚደነቁረው ፖሊስ ሲመጣ ነው።

ኢንስፔክተር አማከለች ከወልድያ የደረሰችው ከቀትር በኋላ ነው፤ ያውም ተናዳ። ጠዋት መኪና አለ፣ ነዳጅ የለም ተባለች። ነዳጁ ሲገኝ ሹፌሩ ጠፋ። ሹፌሩ ሲጠፋ ሳጅን ቢላል "እኔ እነዳለሁ" አለ። ቢላል ሲነዳ ደግሞ ሰው በሰላም መድረሱን የሚያውቀው ከመኪናው ከወረደ በኋላ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ የሚያማት ጉልበቷ አለ፤ ዳገት ሲያይ የሚብስበት።

"እስቲ ንገረኝ ቢላል፣" አለች መኪናው በኮረኮንቹ እየተንገጫገጨ ሲወጣ፣ "ጤነኛ ሰው ብስክሌት በመኪና አስጭኖ ዳገት ወጥቶ፣ ከዚያ ቁልቁል እየዘለለ የሚወርደው ምን ሆኖ ነው?"

"ስፖርት ነው ኢንስፔክተር።"

"ስፖርት! በእኛ ጊዜ እንዲህ የሚወርድ ሰው ወደቀ ነበር የሚባለው።"

ቢላል የመርሳ ልጅ ነው። የአገሩ ሰው ተረተሩን "ሞት አይፈሬ" እንደሚለው ነገራት። ቅዱስ የሚባል የወልድያ ሰው ቦታውን ተረክቦ፣ ቁጥቋጦውን አስመንጥሮ፣ ከአናቱ እስከ ግርጌው መንገድ አስወጥቶ የብስክሌት ፓርክ አደረገው። ኩርባውንም፣ ዝላዩንም፣ ማረፊያውንም በእጁ የሠራው አሚር ነው። ብስክሌተኞቹን ከነብስክሌታቸው ወደ ላይ የሚያመላልሰውን አይሱዙ የሚነዳው ደግሞ ታላቅ ወንድሙ አብዱልሐሊም። በሳምንቱ መጨረሻ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው ሊመረቅ ነበር።

አይሱዙው እዚያው መንገድ ላይ ቆሟል። የኋላ ጎማው ወልቋል፣ በድንጋይ ተደግፏል፤ ከኋላው እንደ ደንቡ ድንጋይና ለምለም ቅጠል ተደርድሮበታል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ቢላል ወርዶ ድንጋዩንና ቅርንጫፎቹን ገለል አድርጎ ካለፈ በኋላ መልሶ አኖራቸው። ሲመለስ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ነው።

"ምን ነካህ?"

"ሙጫ ነገር ነው፤ አይለቅም እኮ!"

"መሪውን እንዳታጣብቀው፤ እንደ አነዳድህ እሱ ከቀረ አለቀልን።"

ሦስተኛው ዝላይ ከዚያ ኩርባ አልፎ ነው። የብስክሌቱ መንገድ የመኪናውን መንገድ ያቋርጥና ወዲያው ወደ ዝላዩ ጉብታ ይወጣል። ከጉብታው ማዶ ያለው ማረፊያ ከላይ ሆኖ ለሚመጣም፣ ማቋረጫው ላይ በእግሩ ለቆመም ሰው አይታይም። አማከለች ሰው ይዛ ከመከራከሯ በፊት አፈሩን ማየት ትወዳለች፤ ግን አፈሩን ግማሹ የመርሳ ሰው ረግጦታል። አስከሬኑን ያነሳው፣ የሚያለቅሰው፣ የሚያጽናናው፣ እንዲሁ ሊያይ የመጣው፤ ሁሉም ጫማውን አትሞ ሄዷል።

"ገመድ ማሰር አያውቁም? አንድ ገመድ!"

"የጣቢያው ፖሊሶች ገመዱን ባለፈው ለከብት ዝርፊያው ተጠቅመውበት ነው አሉ።"

አማከለች ቦዩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለች፤ ጉልበቷ ሰደባት። ቦዩ በዶማ የተቆፈረ ነው። ሰው ለመጣል የሚቆፍር ሰው በማረፊያው ልክ ቆፍሮ ይሸፍነዋል። ይሄኛው ግን ከላይ ካለው ድንጋይ ጀምሮ ወደ ጎን እያዘነበለ፣ ማረፊያውን አቋርጦ፣ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ይሄዳል። ውስጡ የሌሊቱ ዝናብ ውሃ ቀጥኖ ይወርዳል።

"ይሄማ ፈሰስ ነው፣" አለች። ገበሬ ጎርፍ ማሳውን እንዳይወስድበት ውሃውን በጎን የሚሸኝበት ቦይ ነው ፈሰስ። አባቷ በየክረምቱ ሲቆፍር አይታለች። "ድሮም እዚህ ነበር። ፓርኩ ሲሠራ ደፍነውታል፤ አሁን ደግሞ አንድ ሰው ከፈተው። ከታች ያለው ማሳ የማነው?"

ቢላል ወደ ሸለቆው አየ።

"ቢላል!"

"የአያ ሙሐመድዘይን ነው። ግን ኢንስፔክተር፣ ደግ ሰው ናቸው።"

"ደግነታቸውን አልጠየቅሁህም።"

*

መቅደላ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ትርፍ ጊዜዋን እዚህ ነበር የምታሳልፈው። ከፓርኩ በር ላይ ባለው ግንድ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች።

"በአይሱዙው አልወጣችሁም?"

"ጠበቅነው፤ አልመጣም። አሚር መጠበቅ አይችልም፤ ብስክሌቱን ተሸክሞ በከብት መንገዱ ወጣ። እኔም ተከተልኩት። ዝናቡ መንገዱን ምን እንዳደረገው ልሞክር ብሎ ነው። እሱ ቀድሞ ወረደ።"

"የሚጠላው ሰው አለ?"

"አሚርን? ማን ይጠላዋል!" ፊቷን በእጇ ጠረገች። "ትናንት ግን ከቅዱስ ጋር ተጯጩኸዋል። ምርቃቱ ይቆይ አለው። ቅዱስ ደግሞ፣ 'አንተ እንድታስቆመኝ ነው እንዴ ያቆምኩህ?' አለው። ሁላችንም ሰምተናል።"

አማከለች ደስ አላት። ጠብ አለ፣ ምክንያት አለ፤ እንግዲህ ያዝኩት አለች በሆዷ። ግን የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

ቅዱስ ቢሮ ባደረገው ኮንቴይነር ውስጥ ቆሞ ነው የጠበቃት። ዓይኑ ቀልቷል።

"ተጣልተናል፤ አልክድም። አሚር ሦስተኛው ዝላይ ሥር ቱቦ ሳይቀበር እንግዳ አናስገባም አለኝ። ውሃው መውጫ ያስፈልገዋል፣ አያ ሙሐመድዘይን ላይ ግፍ እየሠራን ነው አለኝ። እኔ ደግሞ ከምርቃቱ በኋላ አልኩት።"

"ጠዋት የት ነበርክ?"

"ወልድያ። ስብሰባ። ደውለሽ ጠይቂ፤ ምርቃቱን የምናስተባብር ሁላችንም ነበርን።"

ደወለች። አንዱ ነበር አላት። ሌላው ነበር አላት። ሦስተኛው እንዲያውም ማታ አብረን ነው ያደርነው፣ ጠዋትም አብረን ቁርስ በላን አላት። ስልኩን ዘግታ ቅዱስን አየችው። አንድ ሰው እንዲህ ያለ ንጹሕ ማስረጃ ሲኖረው ያናድዳል።

"ሽማግሌው ስንት ጊዜ መጡብህ?"

"ክረምቱን ሙሉ! ጤፌን ወሰደው፣ መሬቴን ሸረሸረው ይሉኛል። አንድ ቀን፣ 'አንተ ካልከፈትከው እኔ እከፍተዋለሁ' ብለው ሄዱ። ማን ያምናል?"

"እኔ ብሆን አምን ነበር፣" አለችው።

*

አያ ሙሐመድዘይንን ፍለጋ መሄድ አላስፈለጋትም። እሳቸው ራሳቸው በእግራቸው መጥተው ጣቢያ ተቀምጠዋል። አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ፣ ከዘራቸውን በሁለት እግራቸው መሐል ተክለው። ከጣቢያው አጥር ውጭ ደግሞ የአሚር ዘመዶች ቆመዋል። አይጮኹም፤ ዝም ብለው በሩን ያያሉ። አማከለች እንዲህ ያለውን ዝምታ ከጩኸት አብልጣ ትፈራለች።

"አሰላሙ አለይኩም አያ፣" አላቸው ቢላል ጎንበስ ብሎ። "ደህና ነዎት?"

"ወአለይኩም ሰላም። ምን ደህንነት አለ ልጄ! ልጁ ሞተ እኮ።"

"ቦዩን የቆፈሩት እርስዎ ነዎት?" አለች አማከለች።

"እኔ ነኝ። ሌሊት ዘነበ፤ ማሳዬ ባሕር ሆነ። የደረሰ ጤፍ ነው። ሱብሂን ሰግጄ ዶማዬን ያዝኩና ወጣሁ። ፈሰሱን ድሮ አባቴ በከፈተበት ከፈትሁት። ውሃው ሄደልኝ፤ አልሐምዱሊላህ ብዬ ተመለስኩ።"

"ልጆቹ በዚያ እንደሚዘሉ ያውቃሉ?"

"እንዴት አላውቅ! ስለዚህማ ቅጠል አኖርኩ።"

አማከለች እስክሪብቶዋን አቆመች። "ምን አኖሩ?"

"ቅጠል። ከዝላዩ በላይ፣ መኪና መንገዱን ሳያቋርጡ፣ የሳይክሉ መንገድ ላይ። መንገድ ላይ ቅጠል ካየ የማይቆም አለ እንዴ ልጄ? ከደሴ እስከ ወልድያ፣ ካሚዮን የሚነዳው እንኳ ይቆማል። ሳይክልስ ባለጎማ አይደለም?"

እውነታቸውን ነው። በዚህ አገር መንገድ ላይ ለምለም ቅጠል ያየ ሰው፣ ከፊቱ የተበላሸ ነገር እንዳለ ሊጽፉለት አያስፈልግም። ሕፃን ያውቀዋል። አማከለች መቅደላ ጋ ደወለች።

"ማቋረጫው ላይ፣ ከመንገዱ ወዲያ፣ ቅጠል አየሽ?"

"ቅጠል? የለም። መንገዱ ንጹሕ ነበር። ቅጠል ቢኖርማ አሚር ይቆም ነበር።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ከኋላው ነበርኩ እኮ!"

ቢላልን ይዛ ተመልሳ ወጣች። ማቋረጫውን ወዲያና ወዲህ አየችው፤ ዝላዩን ዞረችው፤ ገደሉ ውስጥ ቢላልን አስወረደችው። አንዲት ቅርንጫፍ የለም። ተረተሩ እንደ ተላጨ ራስ ባዶ ነው፤ ከየትስ ይምጣ? ጉልበቷ፣ ፀሐዩ፣ የሽማግሌው ፊት፣ ሁሉም አንድ ላይ አናደዳት። ሰውየውን አምናቸዋለች፤ የምታምንበት ነገር ግን በእጇ የለም።

"አያ፣ ቅጠል የለም፣" አለቻቸው ስትመለስ።

"ወላሂ አኑሬያለሁ።"

"ማን አየ?"

"አላህ አየ።"

"እሱማ አየ። እኔ የምፈልገው ጣቢያ መጥቶ የሚፈርም ነው።" ወዲያው አፈረች። ሽማግሌው ግን አልተቀየሙም፤ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

አለቃዋ ደወለ። ድምፁ ሁልጊዜ በሌላ ስልክ እንደሚነጋገር ሰው ነው።

"አምኗል ይባላል። ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"መቆፈራቸውን ነው ያመኑት ጌታዬ፣ መግደል አይደለም። ቅጠል አኑሬያለሁ ይላሉ።"

"ቅጠሉ የታለ?"

"እየፈለግሁ ነው።"

"አማከለች፣ ሰው ሞቷል። ከተማው ተቆጥቷል። እንግዶችም ሊመጡ ነው። ዝቶ ነበር፣ ቆፈረ፣ ልጁ ሞተ። ሆን ብሎ ግድያ ብለሽ ነገ መዝገቡን ላኪልኝ። ቅጠል ፍለጋ ደመወዝ አንከፍልም።"

ስልኩ ተዘጋ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣት መዝጋቱ ከሁሉም በላይ አበሸቃት።

*

አሚር በዚያው ቀን ተቀብሯል። በማግስቱ አማከለች ነጠላዋን ተከናንባ ለቅሶው ድንኳን ገባች። አብዱልሐሊም ከወንዶቹ መሐል ተነስቶ ወደ ጥግ ወሰዳት። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ አንገቱ እንደ ሾፌር የወፈረ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ልብሱ ሰፍቶታል።

"አላህ ያጽናህ።"

"አሚን።"

"ሽማግሌዎች መጥተው ነበር ሲሉ ሰማሁ።"

"መጥተው ነበር። እግሬ ላይ ወደቁ። መለስኳቸው።" ድምፁ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። "እትዬ፣ አሚርን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አባታችን ሲሞት ገና ድክ ድክ የሚል ነበር። ረዳት ሆኜ፣ መኪና ላይ እያደርኩ ነው ያስተማርኩት። የመጀመሪያዋን ሳይክል ከደሴ የአይሱዙ ጣሪያ ላይ አስሬ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ሰውየው ከጣቢያ ከወጣ እኔ አለሁ። ካልወጣ ወንድ ልጆች አሉት።"

"ይህን ለፖሊስ ነው የምትነግረው?"

"ደብቄ አላደርገውም።"

ወንድሞቹ የት እንዳሉ ጠየቀች። የእናቱ ልጆችና የአጎቱ ልጆች ከትናንት ጀምሮ ሽማግሌው ቤት በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳት እንኳ አልወጡም። ይህ ነገር መዝገብ ብቻ እንዳልሆነ ከዚያ ወዲያ ራሷን ማታለል አልቻለችም። አያ ሙሐመድዘይን ሆን ብለው ገደሉ ብላ ከጻፈች እሳቸው እስር ቤት ይሞታሉ፣ ልጆቻቸው በር ላይ ይሞታሉ። ካልጻፈች ደግሞ የሚያቆማቸው የለም።

"ትናንት ጠዋት አንተ የት ነበርክ? ሁሉንም እየጠየቅሁ ነው።"

ሰውየው ጥርሱን ነከሰ። "ጎማዬ ፈነዳ። ከኩርባው ላይ። አውልቄ፣ ባጃጅ ይዤ መርሳ ወረድኩ፤ ጎሚስታው መብራት የለም አለኝ። ውርጌሳ ሄድኩ። እዚያ ቆሜ ነው የተደወለልኝ።" ዓይኑ ሞላ። "ጎማው ባይፈነዳ እኔ ነበርኩ በመኪና የማወጣው። በዚያ ሳልፍ ከጋቢናው ከፍታ ቦዩን አየው ነበር። በአንዲት ምስማር እትዬ! በአንዲት ምስማር!"

እጁን ያዘችው።

ውርጌሳ ወርዳ አጣራች፤ ልማዷ ነው። ጎሚስታው ጎማውን እያሳየ፣ "ይኸው ተጠግኖ ቆሟል፤ ሰውየው ስልክ አንስቶ ሲጮህ እዚህ ነበርኩ፣" አላት። ያ በርም ተዘጋ። ሲመለሱ ቢላል ሁለት ጊዜ ሊያጫውታት ሞከረ፤ ሁለቱንም ጊዜ አፉን አስያዘችው።

*

ጣቢያው በር ላይ ሴት ትጮኻለች። የአያ ሙሐመድዘይን ልጅ ነሲባ ናት፤ ምሳ ይዛ መጥታ ፈታሹ እያንዳንዱን ሳህን ሲከፍት ትዕግሥቷ አልቋል።

"ክፈተው! ቦምብ ነው! ሽሮ መስሎህ ነው? ይኸው ቅመሰው!"

"ነሲባ፣" አለቻት አማከለች፣ "ነይ ወዲህ።"

"ምን ልሁን? ወንድሞቼ ከቤት አልወጡ፤ እኔን ሴት ናት ብለው አሳለፉኝ። አባቴ ሰው ይገድላል? ይሄ ሰው ዶሮ ሲታረድ ዞሮ የሚቆም ነው! ለእነሱ ሳይክል ብሎ ዛፉን ጨፍጭፎ!"

"የምን ዛፍ?"

"ማንጎውን ነዋ! ቅጠል ላኑር ብሎ። በጓሯችን ያለችውን፣ ገና ዘንድሮ ልታፈራ የነበረችውን። አጥራችን ላይ ግራር ሞልቶ የለም ወይ አባባ ስለው፣ 'እሾህ ባኖር የልጆቹን ጎማ ይበሳል' አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነው ገዳይ? ይኸው እኔም ቅርንጫፉን ሳወርድለት ቀሚሴን በሙጫው አበላሸሁት፤ አጥቤው አጥቤው አልለቅ ብሎ ጠቆረ።"

ቀሚሷ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጥቁር እድፍ አለ። አማከለች እድፉን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ዞረች።

"ቢላል።"

"አቤት።"

"ሱሪህ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

ቢላል ጎንበስ ብሎ አየ። ጭኑ ላይ እጁን የጠረገበት ቦታ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። "ያ ሙጫ ነው። ባለቤቴ ስትሰድበኝ አመሸች፤..." ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። የመርሳ ልጅ ነው፤ ማንጎ የት እንደሚበቅልና የት እንደማይበቅል ያውቃል። በዚያ በተመነጠረ ተረተር ላይ አይደለም ማንጎ፣ ቁጥቋጦ እንኳ የለም።

"ያ ረቢ፣" አለ። "የአይሱዙው ቅጠል።"

አማከለች አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ቅጠሉን ትናንት ከሥራዋ የመጀመሪያ ደቂቃ ጀምሮ አይታዋለች፤ አልፋበታለች፤ በሙጫው ቀልዳበታለች። ቅጠሉን ያነሳው ጠላት አይደለም፣ ማስረጃ የሚያጠፋ ሰውም አይደለም። ጎማው ፈንድቶበት፣ ከኋላው የሚመጣ ሰው እንዳይጋጭ የጨነቀው ሾፌር ነው። ዙሪያውን ቢያይ ቅጠል የለም። ኩርባውን ቢወጣ የተቆረጠ ለምለም ቅጠል የሳይክል መንገድ ላይ ወድቋል። እዚያ የቆመ መኪና የለም። ሾፌር ሁሉ መኪናውን አስነስቶ ድንጋይና ቅጠሉን ጥሎ እንደሚሄድ ደግሞ ሾፌር ሁሉ ያውቃል። የተረፈ ቅጠል ነው ብሎ አነሳው።

"ኢንስፔክተር፣" አለ ቢላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንንገረው። አደጋ ነው ብለን እንዝጋው። ይሄን ከሰማ ይሞታል።"

"ካልሰማ ይገድላል።"

"በአላህ ኢንስፔክተር። አሳድጎታል እኮ።"

"ምን ላድርግ ቢላል? ምን ላድርግ!" ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች፤ የተረኛው ብርጭቆ ወደቀ። "ገዳይ እየፈለግሁ ነው የመጣሁት። ገዳይ ስጠኝ፣ አሁኑኑ ይዤ ልሂድ!"

የሚሰጣት አልነበረም።

*

አብዱልሐሊምን ያወጣችው መኪናህ መንገድ ዘግቷል፣ አንሳልን ብላ ነው። ጎማውን ከውርጌሳ አስመጥታለች። ከእሷና ከቢላል ጋር ወጣ፤ ክሪኩን አቆመ፣ ጎማውን አስገባ፣ ብሎኑን አጠበቀ። እጁ ሥራውን ያውቃል፤ ሌላው ሰውነቱ የትም ቦታ ነው። ድንጋዮቹን በእግሩ ገፍቶ ወደ ገደሉ ላካቸው። ቅርንጫፎቹ ጠውልገው ቡናማ ሆነዋል፤ ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሳ።

"አብዱልሐሊም፣" አለች አማከለች። "ያን ቅጠል ከየት ቆረጥኸው?"

"አልቆረጥኩትም። እዚያ፣ ከኩርባው ወዲያ፣ ሳይክሉ መንገድ ላይ ተጥሎ አግኝቼ ነው። አንድ ሾፌር የጣለው..."

ቆመ።

ቅርንጫፉን አየው። ወደ ኩርባው ቀና ብሎ አየ። እሷን አየ። የቢላልን ፊት አየ፤ ቢላል ፊቱን አዞረ።

"ማን ነው ያኖረው?" አለ።

"አያ ሙሐመድዘይን። ፈሰሱን ከፍተው ሲያበቁ። ልጆቹ እንዲቆሙ ብለው የጓሮ ማንጓቸውን ቆረጡ።"

"አኖሩ?"

"አኖሩ።"

"እኔ አነሳሁት?"

አማከለች መልስ ልትሰጠው ፈለገች። ቃላት ሁሉ አፏ ውስጥ ነበሩ፤ አላወቅህም፣ ጥፋትህ አይደለም፣ ማንም ያነሳው ነበር። ሁሉም እውነት ነው። አንዳቸውም ግን የጠየቀውን አይመልሱም፤ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ሰውየው አልጮኸም። ጎንበስ ብሎ የደረቁትን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ ሰበሰበ። ታቅፏቸው በኩርባው ዞረ። ተከተሉት። ማቋረጫው ጋ ሲደርስ፣ ከዝላዩ በላይ፣ "እዚህ ነበር፣" አለ ለራሱ። ቅጠሉን ከዳር እስከ ዳር ደረደረው፤ ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጫነበት። ከላይ ሆኖ የሚመጣ ሰው እንዲያየው አድርጎ አስተካከለው፤ ቆሞ አየው፤ አንዱን ቅርንጫፍ ደግሞ አቃናው። ከዚያ አፈሩ ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የአማከለች ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነው።

"መዝገቡ የታለ? ገዳዩ እኮ ጣቢያ ተቀምጧል!"

"ገዳይ የለም ጌታዬ። ሽማግሌውን ለቅቄ ነው የምመጣው።"

"ምን ማለትሽ ነው? አማከለች! አማከ..."

በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን እሷ ቀድማ ዘጋችው።

አብዱልሐሊም ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ተነሳ። "እትዬ፣" አለ፣ "እሳቸውን ስትለቂያቸው ማን ሊያደርሳቸው ነው?"

"በእኛ መኪና እናደርሳቸዋለን።"

"በእናንተ መኪና ካደረስሻቸው በር ላይ ያሉት ዝም አይሉም። እኔ ይዣቸው ልሂድ። በእግራችን። ሰው ሁሉ እያየን።" ወደ ደረቁት ቅርንጫፎች አየ። "የማንጎዋንም ነገር እጠይቃቸዋለሁ፤ ግንዷ ካልሞተ ታቆጠቁጥ ይሆናል።"

የአይሱዙውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለቢላል ሰጠው። መኪናው ተጠግኗል፣ መንገዱም ክፍት ነው፤ እሱ ግን ቁልቁለቱን በእግሩ ጀመረው። አማከለችም ጉልበቷን ይዛ ከኋላው ወረደች።